የአሥራ ሁለት ቤት ሽሮ

እኔ ዶክተር የተባልኩት በሽሮ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ አይከፋኝም። የሕግ ዶክተር፣ የሕክምና ዶክተር ሲባል የለመደ ጆሮ የሽሮ ዶክተር ሲሰማ ቢያስቀው አይፈረድበትም። የጽሑፌ ርእስ በእርግጥ ከዚያ ይረዝማል። ለጾም በየቤቱ በሚዘጋጁ የጥራጥሬ ዱቄቶች ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲታመስ፣ ሲከካና ሲፈጭ ምን እንደሚሆን የሚመረምር ነው። ፕሮፌሰሬ ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ፈጅቶበታል። እኅቴ ግን ጎረቤት ሲጠይቃት «ሽሮ ያጠናል» ብላ ትገላገል ነበር።

ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እኅቴ አሥራ አምስት ሞልቷት ነበር። አባታችን ከዚያ በፊት ሞቷል። እኅቴ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ እኔን አንደኛ ክፍል አስገባችኝ። ነገሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለቀ ነው፤ ማንም አልመከረበትም። በኋላ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች፤ እርሱም ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። እትዬ እላት ነበር፤ ሽበት አውጥቼም በዚሁ ነው የጠራኋት።

መተዳደሪያዋ የሰው ሽሮና በርበሬ ማዘጋጀት ነበር። ደንበኞቿ ሽምብራውንም ቅመሙንም ራሳቸው ገዝተው ያመጡላታል፤ እርሷ ትለቅማለች፣ ታምሳለች፣ ትከካለች፣ ቅመሙን ትመጥናለች፣ ወፍጮ ቤት ወስዳ አጠገቡ ቆማ ታስፈጫለች። የመንግሥት ሠራተኛ ተዛውሮ ወደ ከተማችን ሲመጣ ሚስቱ መጀመሪያ የምትጠይቀው የሚከራይ ቤት፣ ቀጥሎ የውኃውን ነገር፣ ከዚያ የእኅቴን ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥበቧ ማመሱ ላይ ነበር። ሰዓት አትቆጥርም፣ ቀለም አታይም፤ ፊቷን ከብረት ምጣዱ መለስ አድርጋ ትቀመጥና ሽታው ሲዞር ታወርደዋለች። «ዞረ» ስትል እኔን ምንም የዞረ ነገር አይሸተኝም ነበር።

ይህ የአፍንጫዋ ነገር በኋላ ውጭ አገር ሄጄ ስማር ኬሚስትሪ ሆኖ ጠበቀኝ። ፕሮቲን ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ ላይሲን ይባላል። ጥራጥሬ ላይሲን አያንሰውም፤ በጾም ሥጋን ለመተካት የሚበቃውም በዚህ ነው። ታዲያ እሳት ሲበዛበት ላይሲኑ በእህሉ ውስጥ ካለው ስኳር ጋር ይጣበቅና ሰውነት ሊጠቀምበት የማይችል ይሆናል። ያ ሁላችን የምንወደው የተቆላ እህል ሽታ የዚህ መጀመሪያ ምልክት ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ ልዩ ልዩ ሴቶች በየእጃቸው ሲያምሱት ምን ያህሉ ይጠፋል?

የአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ዓመታት ወደ ማለቂያቸው ሲጠጉ ነው ለዚህ ሥራ የተመለስኩት። ናሙናውን በከተማችን ሰብስቤ አዲስ አበባ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ እንድመረምረው ፕሮፌሰሬ ፈቅዶልኛል። የትምህርት ድጋፌ የሚያበቃው በመጪው ዓመት ሰኔ ነው። እስከዚያ ጽሑፉ ካልገባ ዶክትሬቱ ቀረ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን እኅቴም በደንብ ታውቀው ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እርሷ ነበረች ወሩን የምትቆጥረው።

አሥራ ሁለት ቤት መረጥኩ፤ አሥሩ አሰበ ተፈሪ፣ ሁለቱ ሂርና። የአስተማሪ ሚስት አለች፣ የቄስ ሚስት አለች፣ በጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት አለች። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነገርኳቸው፤ በየቀኑ የምትመገቡትን፣ እንዳለ፣ ምንም ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ አንድ ጣሳ ስጡኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ዱቄቱ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ብዬ ዝም ማለት ስችል ውጤቱ ፈረንጅ አገር እንደሚደርስ፣ ታላላቅ ምሁራን እንደሚያዩት ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለቱም የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመኑኝ።

የጸሐፊው ሚስት ምላሰ ስል ነበረች። ምርመራው ምን እንደሚያሳይ ጠየቀችኝ፤ በዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ ያሳያል አልኳት። በሰው ቤት ሽሮ ውስጥ ያለውን አንተ ልታውቅ ነው? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁና በማስታወሻዬ ላይ «ተባባሪ ናት» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ስዞር ጣሳዎቹ ታጥበው፣ ተወልውለው ጠበቁኝ፤ ሁለቱ በዳንቴል ተሸፍነው ነበር። የዘወትር ሽሮውን በዳንቴል የሚሸፍን ቤት የት አለ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ በአክብሮታቸው ተደስቼ ጣሳዎቹን አሳስሬ ባቡር ላይ ጫንኩ።

የቤተ ሙከራው ሥራ እንዲህ ነው። ጥቂት ዱቄት ተመዝኖ በሰልፈሪክ አሲድ ይፈላል፤ መጀመሪያ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ከሰዓታት በኋላ እንደ ውኃ ይጠራል። በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን በእንፋሎት ተለይቶ ወጥቶ ጠብታ በጠብታ ይለካል፤ የፕሮቲኑ መጠን ከዚያ ይሰላል። ላይሲኑን መለካት ሌላ ረጅም ጣጣ ነው፤ አልዘረዝረውም። ለእኅቴ አንድ ጊዜ ይህን ስነግራት፣ እኛ ሲያርርብን እንጥለዋለን፣ እናንተ አሳርራችሁ ትጽፉታላችሁ ብላኛለች።

አሥራ ሁለቱ ጣሳዎች አንድ ቁጥር ሰጡኝ። ተቀራራቢ ማለቴ አይደለም፤ አንድ። ናይትሮጅኑ አንድ፣ ርጥበቱ አንድ፣ ላይሲኑ አንድ። መሣሪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን ደገምኩት፤ ያው ነው። አሁን የሆነውን ሳስብ ፊቴ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ግን በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። የከተማዋ ሴቶች ሳይመካከሩ፣ ከእናት ወደ ልጅ በተላለፈ ጥበብ እህሉን አንድ ልክ ላይ ከእሳት ያወርዱታል ማለት ነው አልኩ። በዚህ ላይ ሃያ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ባህል ጽናት የሚያወሳ አንድ አንቀጽ ነበረው፤ ስጽፈው ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ገጾቹን ለፕሮፌሰሬ በፖስታ ላክሁ።

መልሱ በኅዳር ደረሰኝ፤ ግማሽ ገጽ ነው። «እንዲህ ያለ ውጤት የሚያገኙት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው» ይላል፤ «አንደኛው ቁጥሩን ቤቱ ተቀምጦ የሚፈጥር፣ ሁለተኛው ከአንድ ጆንያ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚቀዳ። አንተ የትኛው እንደሆንክ እስክታስረዳኝ ድረስ በምንም ወረቀት ላይ አልፈርምም።» ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። ሌባ መባል እንዲህ ነው ለካ ብዬ አሰብኩ። እስከ ሰኔ የቀረኝ ሰባት ወር ነው።

በማግስቱ ባቡር ተሳፍሬ ሚኤሶ ወረድኩ፤ ከዚያ ጫት አራግፎ በሚመለስ መኪና አሰበ ተፈሪ ወጣሁ። የነቢያት ጾም ገብቷል። እኅቴ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ ምሳ አቀረበችልኝ። ሽሮው የእርሷ ሽሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል። እርሷ እንደ ልማዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም አብራኝ አልበላችም። እኔ ጾሙን ውጭ አገር ከሄድኩ ወዲህ ትቼው ነበር፤ እርሷም አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አስተማሪው ሚስት ነው። ከጎጃም ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ የከተማችን የእናት ለልጅ ጥበብ በየት በኩል ይደርሳታል? ፕሮፌሰሩ ቢነቅፈኝ አይገርምም፤ ይህን ለማየት ዶክትሬት አያስፈልግም ነበር። ሽሮ እንዴት እንደምታዘጋጅ ከሥር ጀምራ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ሳታስበው «እኛ አገር ሽሮ የአተር ነው፤ እኔም የማውቀው እርሱን ነው» ብላ ጀመረች። የሰጠችኝ ጣሳ ግን የሽምብራ ነበር። ይህንኑ አስታወስኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ከእኅትዎ ነው የወሰድኩት» አለችኝ በመጨረሻ። «እንዳትናገር አስምዬአታለሁ። እርስዎም አይንገሩብኝ። የእኔ ሽሮ ፈረንጅ ፊት የሚቀርብ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ቄሱ ሚስት ሄድኩ። እርሷ ወደ አሰቦት ገዳም ለሚወርዱ ተሳላሚዎች ስንቅ ስታስር ነበር ያገኘኋት፤ ስትሰማኝ ገመዱን ለቀቀችው። እርሷም ከእኅቴ ነው፤ እርሷም አስምላለች። የጸሐፊው ሚስት ተቆጣችኝ፤ ከተቆጣች በኋላ አመነች። ቀኑ ሳያልቅ አሥሩም ቤት ተናዘዘ። ሁሉም በየግሏ ሄዳ፣ በየግሏ አስምላ፣ ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ ብላ የምታምን ነበረች። በማግስቱ ሂርና ሄድኩ፤ እዚያ እንኳ ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጣሳቸውን በሾፌር ልከው ከእኅቴ አስሞልተዋል።

ከሂርና ስመለስ ንዴት አንገቴ ድረስ ደርሶ ነበር። የተናደድኩት በሴቶቹ አይደለም፤ በእኅቴ ነው። ሥራዬ ላይ ምን ያህል ዕድሜ እንዳፈሰስኩ የምታውቅ ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ ከአንድ ቆርቆሮ ቀድታ ስትሰጥ፣ እኔም ጣሳዎቹን ሳሳስር ቆማ ስታይ እንዴት አንዲት ቃል አትተነፍስም? ምን እንደምላት መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ መጣሁ። ቢያንስ ያ ሽምብራ ከየት እንደተገዛ ልወቅ ብዬ እህል ተራ ጎራ አልኩ። እዚያ ከልጅነታችን ጀምሮ የምታውቀን አንዲት የኦሮሞ ሴት እህል ትሸጥ ነበር፤ አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ እኔን ዛሬም ትንሽ ልጅ አድርጋ ነው የምታየኝ።

«እኅትህ ሽምብራ ተወች» አለችኝ። «ከክረምት ወዲህ ከኔ ሚወስደው ሚሺንጋ ብቻ ነው። ቀዩን፣ ርካሹን። ላም የለሽ፣ በግ የለሽ፣ ለማን ነው አልኳት። ሳቀች። ወላሂ፣ አልነገረችኝም።»

ሚሺንጋ የምትለው ማሽላን ነው። መጀመሪያ አልገባኝም። ሽሮዋ ሰው የሚያስደንቅ ሴት ማሽላ ምን ያደርግላታል? ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ እያሰላሁ ነበር፤ ከአንድ ሰው ቤት አሥራ ሁለት ጣሳ ሽሮ ወጣ ማለት ዓመት የሚበላው ወጣ ማለት ነው። አዲሱ ሽምብራ ከጥር በፊት አይደርስም። ደንበኞቿ የሚያመጡት ደግሞ የእነርሱ ነው፤ ከዚያ አንዲት ፍሬ አትነካም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ስገባ እየበላች ነበር። ሳታስበው ደረስኩባትና ሳህኑን በመሶብ ክዳን ሸፈነችው። ክዳኑን አነሣሁት። ቀላ ያለ፣ ቀጭን፣ ከእንጀራው ላይ እንደ ውኃ የሚሸሽ ወጥ ነው። ከጓዳ ቆርቆሮዋን አውጥቼ ዱቄቱን በጣቴ አሸሁት፤ ማሽላው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሽምብራው ለስሙ ያህል ነው። በጎኑ በትንሽ ብርጭቆ የተቀመጠ ጥሩ ሽሮ አለ። ያ የእኔ ምሳ ነበር። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ገበናቸውን ይዘው መጡ። የሰው ገበና ይነገራል?»

ከዚያ በእርጋታ አስረዳችኝ። እያንዳንዷ ስትመጣ፣ ያንቺ ወንድም ያመጣው ነገር ነው፣ በእኔ ሽሮ እርሱም እኔም እንዳንዋረድ ብላ ነው የለመነቻት። የመጀመሪያዋን እንቢ ብትል ኖሮ የሁለተኛዋን እንቢ ለማለት ይቀላት ነበር፤ ለመጀመሪያዋ እሺ አለች። ለወንድሟ ሥራ ነውና ዋጋም አልተቀበለች። ሥራህ እንዲያምር ብዬ ነው አለችኝ። እኔም ተቀምጬ የፕሮፌሰሩን ደብዳቤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ከአንድ ጆንያ የሚቀዳ የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሚያስፈልገኝ ያማረው ሳይሆን የሚበላው እንደሆነ፣ እርሱ ካልተገኘ በሰኔ ባዶ እጄን እንደምቀር ነገርኳት።

ወጡን እንደገና አሞቀችውና ወደ መካከል አቀረበችው፤ አብረን በላን። ምላስ ላይ ይሻክራል፣ ጉሮሮ ላይ አይቆይም። ክረምቱን ሙሉ ይህን ስትበላ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ በእርሷ ሽሮ ላይ ስለ ባህል ጽናት ጽፌያለሁ። አፈርኩ፤ ከዚያ የተሻለ ቃል የለኝም።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» አለች በልተን ስንጨርስ፤ ስትናገር ቁጣ የላትም። «ሰው ቤት ገብተህ ያላችሁን አሳዩኝ አልክ። የማንን አሳይተህ ነው የማንን የምትጠይቀው?»

በማግስቱ ጧት ቆርቆሮውን በነጠላዋ ጠቅልላ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የት ነው ስላት ና ተከተለኝ አለች። መጀመሪያ ያስገባችኝ ወደ ጸሐፊው ሚስት ነው፤ ምናልባት ከባዱን አስቀድማ ለመጨረስ ይሆናል። ከሰላምታው በኋላ ቆርቆሮውን ከፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው የእኔ» አለች። «እጅሽን አስገቢና እዪው። ወንድሜ የሚመዝነው ይህን ነው። አሁን ያንቺን አምጪ።»

ዱቄትን በጣት የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። የጸሐፊው ሚስት ቆንጥራ አሸችው፤ ቀና ብላ እኅቴን አየቻት፤ እንደገና አሸችው። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ የያዘችው አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ግማሹ ማሽላ ነው። ሁለቱ ሴቶች ቆርቆሯቸውን ጎን ለጎን አድርገው ቅመም ማነሱን፣ የወፍጮ ቤቱን ሰው ስንፍና ማውራት ጀመሩ፤ እኔን ረሱኝ።

እንዲህ አድርገን አሥራ ሁለቱንም ቤት ዞርን። እኅቴ ሌላዋም ከእኔ ወስዳለች ብላ ለአንዷም አልተናገረችም፤ መሐላዋን እንዳከበረች ነው የዞረችው። የአስተማሪው ሚስት የአተር ሽሮዋን በበቆሎ ዱቄት አብዝታው ኖሯል፤ ትንሽ አለቀሰችና በኋላ ሳቀች። ሂርና ካሉት አንዷ ከነገለባው ታስፈጫለች። የቄሱ ሚስት ሽሮ ንጹሕ ሽምብራ ነበር፤ ነገር ግን አርሯል። ቄሱ ሃያ ዓመት ሲበሉት አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩም፤ ጽድቅ ማለት ይህ ነው።

በዚያ መንገድ ያገኘሁት ጽሑፌን አዳነው። ማሽላ ላይሲን ያንሰዋል፤ ሽምብራ ይሞላለታል። ስለዚህ ጥቂት ሽምብራ የገባበት ማሽላ ፕሮቲኑ ቢያንስም ያለው ከተገመተው በላይ ይጠቅማል፤ በጣም ሳይታመስ ከወረደ ደግሞ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰጠኝ የእኅቴ ቆርቆሮ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ቤት ቁጥር አሥራ ሦስት ብዬ መዘገብኩት። ፕሮፌሰሬ ሲያየው የጥናቱ ልብ ይህ ነው ብሎ ጻፈልኝ፤ ፈረመም።

አሰበ ተፈሪ ላይ ግን ወሬው በሌላ መንገድ ሄደ። ከአሥራ ሁለቱ ቤት ውጭ ያሉት ሰሙ፤ ከሰሙ በኋላ አጣመሙት። ራሷ ማሽላ የምትበላ ሴት የእኛን ሽምብራ ምን ታደርገው ነበር፤ ማሽላ እየቀላቀለችበት ይሆናል አሉ። ያ የቆየ ደንበኝነት በጥር ሳሳ፣ በሁዳዴ ዋዜማ ጭር አለ። ለጾም መግቢያ ቤቷ ደጃፍ ሰው ይሰለፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት የመጡት እነዚያው ቆርቆሯቸውን የከፈቱት ሴቶች ብቻ ናቸው። ይህን የሰማሁት ከእርሷ አይደለም፤ የአስተማሪው ሚስት ጽፋልኝ ነው። እኅቴ በደብዳቤዋ የጻፈችልኝ ደህና ነኝ፣ ሰኔ ደረሰ የሚል ነበር።

በሰኔ ውጭ አገር ተመልሼ ፈታኞች ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ጽሑፉን ከልቡ አንብቦታል። ጣቱን ሠንጠረዡ ላይ አድርጎ፣ ቁጥር አሥራ ሦስት ሰው የሚበላው ነው ወይስ ነጋዴ ያበላሸው ዱቄት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ይበላዋል አልኩ። እንዴት ያውቃሉ አለኝ።

እኅቴ ናት፤ እኔን ለማስተማር ከአራተኛ ክፍል የወጣች እኅቴ፤ ከእርሷ ጋር ከአንድ ሳህን በልቼዋለሁ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አምስቱን ሰዎች አየኋቸው፤ ልብሴን አየሁት፤ ለዚያ ቀን ያሰፋሁት ሙሉ ልብስ ነው። «የቤቱ ባለቤት ነግራኛለች» አልኩ። «ባሏ የሞተባት አንዲት የከተማዋ ነዋሪ ናት።» ሽማግሌው አመሰገነኝና ገጹን ገለጠ። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው፤ ቢመረመር አንድ ስሕተት አይገኝበትም።

ዶክተር ሆኜ ስመለስ ሚኤሶ ጣቢያ ድረስ ሰው ወጥቶ ተቀበለኝ። የጸሐፊው ሚስት «የሽሮ ዶክተር!» ብላ ጮኸችና እልል አለችብኝ። እኅቴ በሰው ፊት አንተ ማለቱን ትታ ዶክተር ትለኝ ነበር፤ ተዪ ብላት አልሰማ አለች። ደንበኞቿም ቀስ በቀስ ተመልሰዋል። እኔን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ በሰፌድ ሽምብራ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ፈተናው ላይ የተጠየቅሁትንና የመለስኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት።

እጇ አላቋረጠም። ጠጠር አወጣች፣ ወረወረች።

«እዚያ እኔን የሚያውቅ ሰው ነበር?» አለችኝ።

አልነበረም አልኳት።

«ታዲያ ገበናዬን የሸፈንከው ለእኔ ብለህ ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ እርሷም ያን ብላት ታልፈው ነበር። «አይደለም፤ ለራሴ ነው» አልኳት።

አሁን እጇ ቆመ። «ይሻላል» አለችኝ። «ለእኔ ብለህ ቢሆን ኖሮ ይከፋኝ ነበር። እኔማ ቆርቆሮዬን ይዤ አሥራ ሁለት ቤት ዞሬበታለሁ።»